መጋዝና የአባባ ቱቦ

«ትፋው! መጋዝ፣ ትፋው አልኩህ!»

ቀጮ በደረቷ ተዘርግታ ግማሽ አካሏን አልጋ ሥር ከታለች። በአንድ እጇ የጥንቸሉን ማጅራት ይዛ፣ በሌላው የእናቷን የስልክ ቻርጀር ትጎትታለች። ጥንቸሉም የበኩሉን ጫፍ በጥርሱ ነክሶ፣ ጆሮውን ወደኋላ ለጥፎ አፍጥጦባታል። የሰው ንብረት አፉ ውስጥ ይዞ እንዲህ ዓይን ለዓይን የሚያይ፣ ከሌባም የባሰ ደረቅ ነው።

ኮሪደሩ ላይ ኮቴ ተሰማ። ቀጮ አንዴ ነጠቅ ስታደርገው ገመዱ ለሁለት ተበጠሰ። ደግነቱ ሶኬት ላይ አልተሰካም ነበር። ሁለቱንም ቁራጭ ቀሚሷ ሥር ሸጉጣ፣ እየተንፏቀቀች ወጥታ ቁጭ ስትል እናቷ በሩ ላይ ቆማለች። ከዳቦ ቤት መመለሷ ነው። ቅንድቧ ላይ ሳይቀር ዱቄት አለ።

«ምን ይዞ ነው?»

«ምንም።»

«ምንም የሚባለው ነገር ገመድ አለው እንዴ?»

ቀጮ ቁልቁል አየች። የቻርጀሩ ጫፍ ከቀሚሷ ሥር አፈትልኮ ወጥቷል።

እናቷ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር። ቦርሳዋን አስቀምጣ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። መጋዝ በዚህ ቤት ያልቀመሰው ነገር ቢኖር ጣሪያው ብቻ ነው፤ እሱንም የተወው ስለማይደርስበት ነው። የሪሞቱን ቁልፎች ነቅሏል። የወንበሩን እግር ፍቋል። ከነጠላ ጫማዎቹ ሁሉ ግራ ግራውን መርጦ በልቷል፤ ምን እንደበደለው እሱ ያውቃል።

«ነገ አባባ ከሆስፒታል ይወጣሉ» አለች እናቷ። «የኦክስጅን ማሽኑም አብሯቸው ይመጣል። ገመዱ መሬት ለመሬት ነው። አፍንጫቸው ላይ የሚደረገው ቱቦም መሬት ለመሬት ነው። ገባሽ?»

«ገባኝ።»

«አልገባሽም። በዚያ ቱቦ ውስጥ የሚሄደው የአባቴ ትንፋሽ ነው። ይሄ አውሬ አንዴ፣ አንዴ ብቻ ጥርሱን ቢያሳርፍበት፣ ወስጄ ሜዳው ላይ እለቀዋለሁ። ከውሾቹ ጋር ይተዋወቅ።»

«እማዬ፣ በናትሽ!»

«ጨርሻለሁ።»

እሷ ጨርሻለሁ ካለች፣ ቀጮ እንደምታውቀው፣ ጨርሳለች ማለት ነው። አባቷ ቢኖር ምናልባት ያባብልላት ነበር። እሱ ግን ከባድ መኪና ስለሚነዳ ከቤቱ ይልቅ መንገዱ ያውቀዋል።

በማግስቱ ትምህርት ቤት ውስጥ ለጓደኛዋ ሁሉንም ነገረቻት። ጓደኛዋን ሁሉም «ባትሪ» ይላታል፤ አንዴ ማውራት ከጀመረች እስኪመሽ ስለማታልቅ ነው።

«ቀላል ነው ባክሽ!» አለች ባትሪ። «በርበሬ ነዋ! ገመዱን በርበሬ ትቀቢዋለሽ፣ አንዴ ይልሰዋል፣ አለቀ። ዕድሜ ልኩን ገመድ ባየ ቁጥር ያለቅሳል።»

ቀጮም ቀባች። መጋዝ ጠጋ ብሎ አሸተተ፣ ሁለቴ አስነጠሰ፣ አፍንጫውን በፊት እግሩ ጠራረገና ያልተቀባውን ጫፍ ፈልጎ ማኘኩን ቀጠለ። ያለቀሰችው ቀጮ ናት፤ በዚያው እጇ ዓይኗን አሽታ።

መላውን ያመጡት አያቷ ናቸው። አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ አናጢ ነበሩ። የሰፈሩን በር ግማሹን የገጠሙት እሳቸው ናቸው። ጥንቸሉን «መጋዝ» ያሉትም እሳቸው ናቸው፤ ገና ሲመጣ የጠረጴዛቸውን ጠርዝ ሲፍቅ አይተው፣ «ይሄማ የሙያ ባልደረባዬ ነው» ብለው። አሁን ትራስ ተደግፈው፣ አፍንጫቸው ላይ ቱቦው ተሰክቶ፣ ማሽኑ ጥግ ላይ እንደ አሮጌ ፍሪጅ እያጉረመረመ፣ ከአልጋቸው ሆነው ትእዛዝ ያወርዱ ጀመር።

«ስሚኝ ልጄ። የዚህ ፍጡር ጥርስ ማደግ አያቆምም። ካላኘከ አፉ ውስጥ አድጎ መብላት ይከለክለዋል። ስለዚህ አታኝክ አትበይው፤ ምን እንደሚያኝክ አንቺ ምረጪለት። የውሃ ጎማ አምጪ።»

ጎማውን ከዳር እስከ ዳር አስተረተሯትና ገመዶቹን ሁሉ አለበሰቻቸው። ከፍ ማለት የሚችሉትን ግድግዳው ላይ አስመቷት። በክፍላቸው በር ላይ፣ ሰው ተራምዶት የሚያልፈው ጥንቸል ግን የማይዘለው የጣውላ አጥር አቆመች። መዶሻውን ጣቷ ላይ ባሳረፈች ቁጥር አባባ፣ «ሚስማሩ ከጣትሽ ጎን ያለው ነው!» ይሏታል። ቱቦውን ግን ጎማ ማልበስ አይቻልም ነበር። አባባ ሲነሱም ሲተኙም አብሯቸው መሄድ አለበት።

«ለዚህ ነው አጥሩ» አሏት። «እሱ ወዲያ፣ ቱቦው ወዲህ።»

የቀረው የሚታኘክ ነገር ማቅረብ ነበር። ቀጮ ከጎረቤት ግቢ የፖም ቅርንጫፍ ለምና አመጣች። አባባ በቢላዋ ጫፉን እየላጉ፣ በጣት ልክ እየቆረጡ ሰጧት። መጋዝ ግን ቅርንጫፉን እንደ ስድብ ቆጠረው። ጀርባውን ሰጥቶት የወንበሩ እግር ላይ ተመለሰ።

«ተይው ለእኔ» አሉ አባባ። «ነገ ታያለሽ።»

እውነትም በማግስቱ መጋዝ ቅርንጫፉን በሁለት እጁ ይዞ እንደ ሕፃን ይልሰዋል፣ ይፍቀዋል፣ ከዚያ ያደቅቀዋል። ወንበሩን ረሳው። ነጠላ ጫማዎች ግራም ቀኝም ሆነው ማደር ጀመሩ። እናቷ እንኳ አንድ ቀን ቆም ብላ አየችውና፣ «ይሄ ደግሞ ሰው ሆነ እንዴ?» አለች።

«ምን አድርገውት ነው አባባ?» ብትላቸው፣

«የሙያ ምስጢር ነው» አሏትና ጠቀሷት።

ቀጮም አልመረመረችም። ነገር ሲሰምር ለምን ብሎ የሚጠይቅ ልጅ የት አለ?

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ የውጭውን በር ከፍታ ሳትገባ ቆመች። ማሽኑ እንደወትሮው ያጉረመርማል። ከሱ ሥር ግን ሌላ ድምፅ አለ። ቀጭን ነው፤ እባብ እንደሚያፏጨው ያለ።

ቦርሳዋን ጥላ ሮጠች። የጣውላው አጥር ከቦታው ተነስቶ ግድግዳ ተደግፏል። አባባ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው፣ መዳፋቸውን ጉልበታቸው ላይ ተክለው፣ ወደፊት አጎንብሰዋል። ትከሻቸው ከትንፋሻቸው ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል። ከንፈራቸው ቀለም የነካው መስሏል።

«አባባ!»

«ቱ...» አሉ። አየር ሳቡ። «ቦው።» እንደገና ሳቡ። «ተበ...»

አላስጨረሰቻቸውም። ቱቦውን ከማሽኑ ጀምራ በእጇ እየተከተለች አልጋው ሥር ገባች። መጋዝ እዚያ ነው። ተጋድሞ፣ ሆዱን መሬት ላይ ዘርግቶ፣ በሰላም ያኝካል። ቱቦው ከፊቱ ግማሽ ለግማሽ ተበልቷል። አየሩ በተከፈተው አፍ እየፏጨ ይወጣል።

ትርፍ ቱቦ መሳቢያ ውስጥ አለ። ማሽኑን የተከለው ባለሙያ፣ «አንድ ብቻ ነው፣ ሌላ እስኪመጣ ጠብቁት» ብሎ የሰጣቸው ነው። አወጣችው። ፕላስቲኩ አልቀደድ አለ። በጥርሷ ነክሳ ዘነጠለችው። አንዱን ጫፍ ማሽኑ ላይ፣ ሌላውን አፍንጫቸው ላይ፣ ከጆሮአቸው ኋላ አዙራ ሰካችውና ፊታቸው ላይ አፈጠጠች።

ምንም። እንደገና ምንም። ከዚያ ትከሻቸው ቀስ እያለ ወረደ። ከንፈራቸው ከጠቆረበት ወደ ግራጫ፣ ከግራጫው ወደ ራሱ መልክ ተመለሰ። ቀጮ ስልኳን ስታነሳ እጇን ያዙት። ጣታቸው የበረደ ነበር።

«ለማን ልትደውይ ነው?»

«ለእማዬ።»

«ተይ። አልፏል። ፕላስተር አምጪና የዚያን ቱቦ ቁስል ጠቅልለሽ መሳቢያው ውስጥ መልሺው። ማን ያያል?»

ቀጮ የተበላውን ቱቦ አነሳች። ጣቷ ላይ ተጣበቀ። አሸተተችው። ቀና ብላ የአባባን ኮሞዲኖ አየች። ለሳላቸው የሚልሱት ማር ክዳኑ ተከፍቶ፣ ማንኪያው እላዩ ላይ ተጋድሞ፣ አጠገቡ አንድ የተላገ የፖም ቅርንጫፍ አለ።

«ማር ነው» አለች። «ቅርንጫፉን ማር ነው የሚቀቡት።»

«ታዲያ እንዴት የወደደው መስሎሽ ነው? ለዓይኔ ብሎ?»

«በዚያው እጅዎ ደግሞ ቱቦውን ይነካሉ። ይዩት፣ ከአፍንጫዎ እስከዚህ ድረስ ይጣበቃል። እሱ ምን ያውቃል? ቅርንጫፍ መስሎት ነው!»

«እጄን አንቺ ልታስተምሪኝ ነው?» ተቆጡ። ቁጣው ግን መሐሉ ላይ ሳል ሆኖ ቀረ።

«አጥሩንም እርስዎ ነዎት ያነሱት።»

አባባ መስኮቱን አዩ። እዚያ የሚታይ ነገር አልነበረም፤ የጎረቤት ግድግዳ ነው።

«እናትሽ ማለዳ ትሄዳለች» አሉ በመጨረሻ። «አንቺም ትሄጃለሽ። እዚህ እኔና ማሽኑ ነን። ማሽኑ ሲያጉረመርም ይውላል እንጂ አይመልስም።»

«መጋዝስ ይመልሳል?»

«ያዳምጣል። በዚህ ቤት ሌላ ማን ያዳምጣል?» እጇን ጨበጥ አደረጉት። «ከነገርሻት ትወስደዋለች። ሜዳ ላይ ትለቀዋለች። አንቺም ታውቂያለሽ።»

ቀጮ ታውቃለች። መጋዝን ከአልጋው ሥር ስባ አውጥታ ወደ ጓዳ ወሰደችው። የበላውን ቱቦ ጠቅልላ ሹራቧ ውስጥ ከተተችው። አጥሩን ወደ ቦታው መለሰች። የአባባን እጅ በእርጥብ ፎጣ ጣት በጣት ጠረገችው፤ አልተቃወሟትም። ሁሉን አስተካክላ ስትጨርስ በሩ ተከፈተ።

እናቷ ሁልጊዜ ጫማዋን ሳታወልቅ መጀመሪያ አባቷን ነው የምታየው። አጥሩን ተራምዳ ገባች፣ ግንባራቸውን ነካች፣ ማሽኑን አየች። ከዚያ ቱቦው ላይ ዓይኗ ቆመ።

«ይሄ አዲሱ አይደለም እንዴ?»

«ያኛው ቆሸሸ» አሉ አባባ ፈጥነው። «እሷ ናት የቀየረችልኝ። አንድም ሳታዛንፍ። ጎበዝ ልጅ ናት።»

ጎበዝ ልጅ ናት ሲሉ ግን የሚያዩት ቀጮን ነበር። አስተያየታቸው ምርቃት አይመስልም፤ ልመና ነው።

የእናቷ ፊት ፈታ አለ። አባባ ከታመሙ ወዲህ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ዱቄት በነካው እጇ የቀጮን ጭንቅላት ዳበሰችና፣ «እኔ እኮ ሊጡን እያሸሁ ቀኑን ሙሉ በሐሳቤ እዚህ ነበርኩ» አለች። «ደግሞ ምን ሆነው ይሆን፣ ደግሞ ምን ሆነው ይሆን እያልኩ። አሁን እንኳ ልቤ ሊያርፍ ነው። የኔ እናት።»

ቱቦው ሹራቧ ውስጥ ሆዷን ነካው። ያጣብቃል። ዝም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅባት። ዝም ማለት ደግሞ ምን ያህል ይቀላል! አፍ መዝጋት ነው። መጋዝም ይተርፋል፣ አባባም ይደሰታሉ፣ እናቷም ትተኛለች። ነገ ቀጮ ሒሳብ ክፍል ትቀመጣለች። አባባ ይሰለቻቸዋል። ቅርንጫፉን ማር ይቀቡታል። አጥሩን ያነሱታል። መሳቢያው ውስጥ ትርፍ ቱቦ የለም።

እጇን ሹራቧ ውስጥ ከታ ቱቦውን አወጣችና የእናቷ መዳፍ ላይ አስቀመጠችው።

አባባ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

እናቷ መጀመሪያ ነገሩ አልገባትም። ተጠቅልሎ ያየችውን ፈታታችው። የተበላው ቦታ ላይ ስትደርስ ትንሿ ጣቷ ቀዳዳው ውስጥ ገባች። አንዴ ጣቷን፣ አንዴ አባቷን አየች።

«መቼ?»

«ዛሬ። ስመጣ።»

«እሳቸው...?»

«ከንፈራቸው ጠቁሮ ነበር።»

እናቷ ቀና ስትል ፊቷ ሌላ ሰው ሆኗል። «ያ አጥር ተከፍቶ ነበር ማለት ነው። ማን ከፈተው? አንቺ ነሽ? ጠዋት ስትሮጪ ሳትዘጊው ነው የሄድሽው? አፍ የለሽም እንዴ? መልሽልኝ!»

ቀጮ የእግሯን ጣቶች አየች። ቱቦውን አሳይታለች፤ የተረፈው ግን የእሷ አልነበረም፤ ከአፏ አይወጣም። እናቷ እጇን አነሳች፤ ለመምታት ይሁን ለመያዝ እሷም የምታውቅ አትመስልም።

«ልጅቷን ተያት» አሉ አባባ። ዓይናቸውን አልገለጡም። «እኔ ነኝ። አጥሩም፣ ማሩም እኔ ነኝ።»

«የምን ማር?»

ነገሯት። ሲነግሯት ድምፃቸው የሰረቀ ልጅ ድምፅ ሆኖ ነበር፤ የሰፈሩን በር ግማሽ የገጠሙ ሰው። እናቷ ሰምታ ስትጨርስ አጠገባቸው ተቀመጠች። አንዴ ሳቅ መጣባት፣ ሳቁ መሐል ላይ ለቅሶ ሆነና አፏን ቱቦውን በያዘችበት እጅ ሸፈነች።

«ሜዳ ያልኩት ተናድጄ ነው» አለች ቆይታ፣ ለቀጮ። «አልለቀውም። እኔ ዛሬ ምንም መወሰን አልችልም፤ ደክሞኛል። ያንቺ ነው፣ አንቺ ንገሪኝ። አባባን ደግሞ ቃል አታስገቢያቸው፤ አጥሩን ነገም ያነሱታል፣ አውቃቸዋለሁ። ነገ ጥንቸሉ እዚህ ቤት እያለ ክፍል ውስጥ ተቀምጠሽ ልብሽ ያርፋል?»

«ያርፋል በያት» አሉ አባባ። አሁን ዓይናቸውን ገልጠዋል። «ሁለተኛ አልነካውም። በያት ልጄ።»

መጋዝ ጓዳ ውስጥ የሆነ ነገር ሲፍቅ ይሰማል። ማሽኑ ያጉረመርማል። ቀጮ አባባን አየቻቸው፤ ለረጅም ጊዜ።

«አያርፍም» አለች።

አባባ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ብቻ ነበር። ካርቶን ፈለገች፣ ጎኑን በመቀስ ቀዳዳ ቀዳዳ አደረገች፣ ድርቆሽ አነጠፈችበት። መጋዝ ሲገባ አልታገላትም፤ ወዲያው ካርቶኑን መቅመስ ጀመረ። የባትሪ አባት ፀጉር አስተካካይ ናቸው፤ ጓሯቸው መጋዝን የሚይዝ ባዶ የዶሮ ቤት አለ። ሰውየው ነገር ሳይሰሙ እምቢ በማለት የታወቁ ናቸው። ልጃቸው ራሷ፣ «አባዬ ደህና አደሩ ቢሉት እምቢ ይላል» ትላለች። ይበሉ። ቀጮ መንገዱን ሁሉ የምትለውን እያዘጋጀች ትሄዳለች። እምቢ ካሉ ደጃቸው ላይ ትቀመጣለች። ደግሞም ከትምህርት ቤት ቀጥታ እየመጣች የዶሮ ቤቱን እንደምትጠርግ ትነግራቸዋለች።

አይ፣ ቀጥታ አይደለም። መጀመሪያ ወደ ቤት ትመጣለች። አባባ ጋ ትንሽ ትቀመጣለች። ማውራት ከፈለጉ ታዳምጣለች፤ ካልፈለጉም ትቀመጣለች።

ካርቶኑን አቅፋ በአባባ በር ስታልፍ ድምፃቸው ቆም አደረጋት። ለእናቷ ነው የሚናገሩት። ቀስ ብለው አልነበረም፤ እንድትሰማቸው ነው።

«እኔ ነኝ አዝዬ ያሳደግኳት፣ እኔ ነኝ ጥርሷ ሲበቅል ጣቴን ያስነከስኳት፣ ለሷ ብዬ የሠራሁትን አልጋ እስከዛሬ ትተኛበታለች፣ ዛሬ አድጋ ለኔ አንድ ጥንቸል ነፈገችኝ፣ አንድ ጥንቸል፣ ላም አልጠየቅኳት፣ ፈረስ አልጠየቅኳት፣ ይሄ ነው እንግዲህ የልጅ ልጅ ማለት፣ ልቧ ከጥድ ጣውላ የደረቀ፣ ደግሞ እዚያ ቆማ እየሰማችኝ ነው አውቃለሁ፣ ትስማ!»

ቀጮ ሰማች። ካርቶኑ ውስጥ መጋዝ ሲንቀሳቀስ ደረቷ ላይ ይሰማታል። ዓይኗ ሞልቷል፣ ጆሮዋን ግን ከበሩ አልነቀለችም። አባባ አንዴም አላረፉም። አንዴም አየር ለመሳብ አላቆሙም። ከላይ እስከ ታች አወረዱባት፤ ያቆሙትም ስድብ ሲያልቅባቸው ነው እንጂ ትንፋሽ ሲያጥራቸው አይደለም።

እስኪጨርሱ ጠበቀች። ከዚያ ካርቶኑን ወደ ደረቷ ጠጋ አድርጋ ወጣች።